የትሪኒቲ ሳቅ በየትኛው ቅጂ ይገኛል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የካውቦይ ኮሜዲ ነው። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በካሴት፣ በቪሲዲ፣ በዲቪዲ፣ በመጨረሻም በብሉ ሬይ ወደ ቤታችን ሲገባ ምን ይዞልን እንደመጣ፣ ምንስ መንገድ ላይ እንደቀረ አብረን እንድንመረምር እፈልጋለሁ። ፊልሙ ትሪኒቲ ነው። ከመካከላችሁ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሰዎች ስሙን ስጠራ ፈገግ ሲሉ ከዚህ መድረክ ላይ ይታየኛል፤ እንግዲያው ብዙ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ለወጣቶቹ ግን ጥቂት ልበል።

የእንግሊዝኛ ርዕሱ «ትሪኒቲ ይሉኛል» የሚል ትርጉም ያለው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ ለእይታ በቃ። ደራሲውም ዳይሬክተሩም ኤንዞ ባርቦኒ ነው፤ በፊልሙ ላይ ግን ኢ. ቢ. ክላቸር በሚል የብዕር ስም ነው የሚጠራው። ባርቦኒ ከዚያ በፊት ካሜራ ባለሙያ ነበር። ደም እንደ ውኃ የሚፈስበትን የ1966ቱን «ጃንጎ» የቀረጸው እሱ ነው። ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍበትን የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ተራው ሲደርሰው ጥይቱን ቀንሶ በጥፊና በቡጢ ተካው። ሁለቱ መሪ ተዋንያንም ስማቸው አሜሪካዊ ይምሰል እንጂ ጣሊያናውያን ናቸው። ቴሬንስ ሂል ማሪዮ ጂሮቲ የተባለ የቬኒስ ልጅ ነው፤ በድ ስፔንሰር ደግሞ ካርሎ ፔደርሶሊ የተባለ የናፖሊ ልጅ። ፔደርሶሊ ፊልም ተዋናይ ሆኖ ከመታወቁ በፊት በሄልሲንኪና በሜልቦርን ኦሎምፒኮች ለአገሩ የዋኘ ስፖርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አርፏል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ትሪኒቲ ሰነፍ፣ አቧራ የጠገበ፣ ነገር ግን ሽጉጥ ሲመዝ ዓይን የማይከተለው ሰው ነው። ወንድሙ ባምቢኖ ፈረስ ሌባ ሆኖ ሳለ ሸሪፍ ነኝ ብሎ አንዲት ከተማ ውስጥ ተቀምጧል፤ ግብረ አበሮቹ እስኪደርሱለት ድረስ ነገር እንዳይነሳበት ይጠነቀቃል። በከተማዋ አቅራቢያ ባለ ለምለም ሸለቆ ውስጥ ጦር መሣሪያ የማያነሱ ሞርሞን የተባሉ ሃይማኖተኞች ሰፍረዋል። ሸለቆውን ለፈረሶቹ ግጦሽ የሚመኝ ሜጀር ሃሪማን የተባለ ባለሀብት አለ፤ እሱን ሆኖ የሚሠራው የሂችኮክ ተዋናይ የነበረው ፋርሊ ግሬንጀር ነው። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሰላማዊዎቹን ሰዎች ቡጢ ያስተምሯቸዋል፤ ፊልሙም በረጅም የጅምላ ድብድብ ይጠናቀቃል።

እዚህ ቦሌና አካባቢው ያለን ብዙዎቻችን ይህን ፊልም ያወቅነው በቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ በዴክ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከመድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ ድረስ ቪዲዮ ማከራያ የሌለው ሰፈር ማግኘት ያስቸግር ነበር። ካሴቱ አብዛኛውን ጊዜ በመንገደኛ ሻንጣ ከውጭ ይገባል። አከራዩ ሁለት ዴክ በገመድ አገናኝቶ ይገለብጠዋል፤ ከግልባጩ ሌላ ግልባጭ ይወጣል። ለእኛ የሚደርሰን አንዳንዴ ሦስተኛው፣ አንዳንዴም አራተኛው ነው። ቪኤችኤስ ካሴት በእያንዳንዱ ግልባጭ አንድ ነገር ያጣል። መጀመሪያ የምስሉ ጠርዝ ይሟሟል፣ ከዚያ ቀይ ቀለም ከቦታው እየፈሰሰ ወደ ጎን ይሄዳል፣ በመጨረሻም ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናል።

እስቲ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህ ፊልም ቀልድ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። ቴሬንስ ሂል ሰማያዊ ዓይን ያለው ሰው ነው። ባርቦኒ ያን ፊት ወስዶ በአቧራና በላብ አጨቅይቶታል፤ ሰውየው ቀና ብሎ ሲያይ ግን ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሐል ሁለት ጥርት ያሉ ሰማያዊ ዓይኖች ብቅ ይላሉ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚነግረን ይህንን ነው፤ ይህ የተጣለ የሚመስል ሰው ንቁ ነው፣ ሁሉንም ያያል። ተቃዋሚዎቹ ቆሻሻውን ብቻ አይተው ይንቁታል፤ ተመልካቹ ግን ዓይኑን አይቶ የሚመጣውን ጥፊ አስቀድሞ ያውቃል፣ ከመመታታቸው በፊትም መሳቅ ይጀምራል። አራተኛ ግልባጭ ላይ ዓይኑ የለም። አንድ የቆሸሸ ሰው በድንገት ሌሎችን ሲመታ ብቻ ነው የምናየው። ስቀናል፣ አልክድም፤ የሳቅነው ግን በተረፈው ላይ ነው።

ቀጥሎ የምስሉ ስፋት ይመጣል። ትሪኒቲ የተቀረጸው ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የቴክኒከለር ኩባንያ የጣሊያን ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ያወጣው ነው። ተራው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለአንድ ምስል በጎኑ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ያህል ቁመት ይወስዳል፤ ቴክኒስኮፕ ሁለቱን ብቻ። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ግማሽ ጥሬ ፊልም ይቆጥባል፤ የሚያገኘው ምስል ደግሞ ስፋቱ ቁመቱን ከሁለት እጥፍ በላይ የሚበልጥ ይሆናል። ገንዘብ ለሌለው ግን ሰፊ ሜዳ ለሚፈልግ የጣሊያን ካውቦይ ፊልም የተሠራ ይመስላል።

የድሮው ቴሌቪዥናችን ግን ወደ ካሬ የተጠጋ ነው። ሰፊውን ምስል እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሁለት መንገድ ነበር፤ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ትቶ ሙሉውን ማሳየት፣ ወይም ግራና ቀኙን ቆርጦ ስክሪኑን መሙላት። ካሴት አምራቾቹ የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ ገዢው ጥቁር መስመሩን ሲያይ ምስል የተሰረቀበት ይመስለው ስለነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ስክሪን ሞልቶ ሲታይ ከምስሉ 40 በመቶ በላይ ተቆርጦ ወድቋል።

ድራማ ቢሆን የሚናገረውን ሰው ፊት ይዘን ልንቀጥል እንችል ይሆናል። ኮሜዲ ግን ሁለት ነገር ባንድ ላይ ማየት ይፈልጋል። የፊልሙን መግቢያ አስታውሱ። ትሪኒቲ በሁለት እንጨት ላይ በተወጠረ ቃሬዛ ተጋድሞ ተኝቷል፤ ቃሬዛውን መሬት ለመሬት የሚጎትተው ፈረሱ ነው። ባለቤቱ ሳያዘው መንገዱን የሚያውቅ ፈረስና፣ ፈረሱ ይዞት የሚሄድበትን የማያይ ባለቤት። ሁለቱ አንድ ምስል ውስጥ ሲሆኑ ማንም ሳይናገር ያስቃል። በተቆረጠው ቅጂ ፈረሱ ብቻውን ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሰውየው ብቻውን ተኝቷል። በመሐላቸው የነበረው ነገር የለም። ሁለቱ ወንድማማቾችም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ግድግዳ የሚያክል፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሳቅ ነው፣ ተራ በተራ ሲታዩ ሁለት ተዋንያን ናቸው። የመጨረሻው ድብድብ ላይማ ጉዳቱ ይብሳል። በድ ስፔንሰር በመሐል አንዱን አናቱን በቡጢ ሲያወርደው፣ በጥግ ሌላው ገና ተራውን ይጠብቃል። ባርቦኒ ካሜራ ባለሙያ ስለነበረ ጥጉን ባዶ አይተወውም። ቆራጩ መቀስ ግን ጥግን አያውቅም።

ይዤው የመጣሁት ብሉ ሬይ ይህን ሁሉ መልሷል። ምስሉ ሙሉ ስፋቱን ይዟል፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው፣ አቧራው አቧራ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። በምስሉ ላይ ያለማቋረጥ የሚርመሰመስ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ይህ የዲስኩ ጉድለት አይደለም። ፊልም ማለት ብርሃን የሚነካው የብር ውሁድ ቅንጣት ነው፤ ቴክኒስኮፕ ደግሞ ትንሽ ነጌቲቭ ላይ ቀርጾ ስለሚያሳድገው ቅንጣቱ አብሮ ያድጋል። አንዳንድ አሳታሚዎች ይህን «ለማጽዳት» በኮምፒውተር ያሹታል። ሲታሽ ከአሸዋው ጋር የቆዳው ቀዳዳ፣ የሸሚዙ ሽመና፣ የመንገዱ ትቢያ ይሄዳል፤ ተዋናዩም የሰም አሻንጉሊት ይመስላል። መላ ቀልዱ በአንድ ሰው መቆሸሽ ላይ ለቆመ ፊልም ከዚህ የከፋ ውለታ የለም። እንግዲህ አዲስ ቅጂ ስትመርጡ «ጥርት ያለ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትግዙ።

ሌላም አለ። ምስሉ ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላው እየደበዘዘ ሲሸጋገር፣ እንዲሁም በምስል ላይ ስም ሲጻፍ፣ የዚያ ዘመን ላቦራቶሪ ፊልሙን እንደገና በፊልም ላይ ይገለብጠው ነበር። ስለዚህ እነዚያ ቦታዎች ከቀሪው ይልቅ ፈዘዝ ይላሉ። ይህ ከ1970 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ዲስክ አሳታሚው ምንም ሊያደርገው አይችልም። የትሪኒቲ መግቢያ ደግሞ የተዋንያኑ ስም የሚጻፍበት ስለሆነ ፈዛዛ ከሚሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ አይቶ ዲስኩን የሚኮንን ሰው ፍርዱን ቸኩሎ ሰጥቷል።

ስለ ርዝመት አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አንዱ ቅጂ 115 ደቂቃ ይላል፣ ሌላው 110፤ አምስቱ ደቂቃ የት ሄደ? ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ በርካሽ የወጡ ቅጂዎች እውነትም የተቆራረጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ምንም አልጎደለም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይሮጣል፤ አገራችንም አብዛኛው አውሮፓም ይጠቀሙበት የነበረው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን 25 ይፈልጋል። ስለዚህ ፊልሙ በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ 115ቱ ደቂቃ ወደ 110 ይወርዳል፣ ድምፁም በዚያው መጠን ይቀጥናል። የበድ ስፔንሰርን ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ማጉረምረም በድሮ ካሴት የሰማ ሰው ብሉ ሬዩን ሲሰማ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ወፍራም ድምፅ ነበረው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። ብሉ ሬይ ፊልሙን በራሱ በ24 ያጫውታል፤ የተዋናዩ እርምጃም፣ ጥፊውም፣ ከጥፊው በፊት ያለችው ትንሽ ዝምታም ወደ ልኳ ትመለሳለች። ኮሜዲ በዚያች ዝምታ ነው የሚያስቀው።

ድምፅ ላይ ደርሰናል፤ አጥብቄ ልናገር የፈለግሁትም እዚህ ነው። በአዲስ አበባ የፊልም ወዳጆች ዘንድ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ፤ «ፊልም በዋናው ድምፁ፣ በእንግሊዝኛው ነው የሚታየው» ይባላል። ለአሜሪካ ፊልም ትክክል ነው። ለትሪኒቲ ግን ዋና ድምፅ የሚባል የለም። ያን ጊዜ የጣሊያን ፊልሞች ሲቀረጹ ተዋንያኑ እያንዳንዳቸው በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ ድምፁ በሙሉ፣ የሰው ንግግርም የቡጢውም ጩኸት፣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይለብሳል። በጣሊያንኛው ቅጂ እንኳ የምንሰማው የተዋንያኑን ድምፅ አይደለም። ለቴሬንስ ሂል የተናገረለት ፒኖ ሎኪ፣ ለበድ ስፔንሰር ግላውኮ ኦኖራቶ ነው። እንግሊዝኛውም በሌሎች ሰዎች የለበሰ ነው። ጀርመኖች ተከታዩን፣ እ.ኤ.አ. የ1971ዱን ፊልም አንዴ አልብሰው ካሳዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የበለጠ ቀልድ ጨምረው እንደገና አለበሱት፤ ዛሬም ተመልካቻቸው ሁለቱን አነጻጽሮ ይከራከራል።

ታዲያ ምስሉ አንድ ነው፣ ሊነካ አይገባውም፤ ድምፁ ግን ከጥንቱም የየአገሩ ነው። እኛ አገር የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ምስሉ ሲቆረጥ፣ ሲሟሟ፣ ሲቀጥን ዝም ብለን ተቀበልን፤ እንግሊዝኛውን ግን እንደ ቅዱስ ነገር ጠበቅን፣ ግማሹን ሳንሰማው። በ2008 ዓ.ም. ስርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ አልብሶ ሲያቀርብ ብዙ ተቃውሞ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። የአገር ውስጥ ሥራን ይጎዳል የሚለው ክርክር ክብደት ያለው ነው፣ አላጣጥለውም። የዚያ ሥራ አንድ ውጤት ግን የማይካድ ነው፤ ድምፅ ማልበስን እንደ ሙያ የያዙ ወጣት ተዋንያን አፍርቷል። ትሪኒቲን በጥንቃቄ፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ በእነዚህ ባለሙያዎች በአማርኛ ብናለብሰው ማንንም አንከዳም። ባምቢኖ ተቆጥቶ «አንተ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ከዚህች ከተማ ውልቅ በል!» ሲል፣ ትሪኒቲ ድስቱን አቅፎ፣ አፉን ሞልቶ፣ «እሺ ወንድም ጋሼ» ሲለው ይታያችሁ። ታናሽ ወንድም ታላቁን ሲያለዝብ የሚጠቀምበትን ያን ቃና እንግሊዝኛው ሊሰጠን አይችልም። አማርኛው ይችላል። በእኔ ግምት ባምቢኖ ፈረስ ሌባነቱን ረስቶ ሳይወድ በግዱ ወንድሙን የሚታዘዝበትን ምክንያት ከየትኛውም ቅጂ የበለጠ ያስረዳናል።

ድምፅ ሲነካ ምን እንደሚሆን የአሜሪካን ምሳሌ በአጭሩ ላንሳ። የሜል ብሩክስ እ.ኤ.አ. የ1974 የካውቦይ ኮሜዲ «ብሌዚንግ ሳድልስ» ውስጥ ካውቦዮች እሳት ዳር ተቀምጠው ቦሎቄ በልተው የሚሆኑትን የሚሆኑበት ትዕይንት አለ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፊልሙን ሲያሳይ የሆዳቸውን ድምፅ አጠፋው። ሰዎቹ ያለምክንያት አንድ በአንድ ብድግ ሲሉ ብቻ ይታያሉ። ቀልዱን ለተመልካች የመለሰው በቤት የሚታየው ቪዲዮ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለጣሊያኖች አዝኜ ብቻ አይደለም። ትሪኒቲ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ግን ከእኛ የ2000 ዓ.ም. ገደማ ኮሜዲዎች ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። 35 ሚሊ ሜትር ነጌቲቭ፣ ግማሹም ቢሆን፣ ውስጡ ብዙ ዝርዝር ይዟል፤ የተሻለ መሣሪያ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ስካን ይደረጋል፤ በ1970 የተቀረጸው በዚህ ዘመን መሣሪያ ሲነበብ በካሴት ዘመን ያልታየው ይታያል። የእኛ ፊልሞች መነቃቃት ግን በቪዲዮ ካሜራ የመጣ ነው። በዚህ በቦሌ መንገድ በዓለም ሲኒማ፣ በኋላም ኤድና ሞል ማቲ ሲኒማ ውስጥ ሰልፍ ይዘን ያየናቸው አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ፊልሞች በዲጂታል ቴፕ የተቀረጹ ናቸው። ቴፑ ላይ ያለው በቁመቱ 576 መስመር ከሆነ ከዚያ በላይ የትም አይገኝም። ስለዚህ ለእነሱ ያ ቴፕ ነጌቲቫቸው ነው።

ለገበያ የወጣው ግን ቴፑ አይደለም፤ ቪሲዲ ነው። ቪሲዲ ደግሞ በወርዱ 352፣ በቁመቱ 288 ነጥብ ብቻ አለው፤ ከዲቪዲ ሩብ እንኳ አይሞላም። አንድ ሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝም ፊልሙ ለሁለት ተከፍሎ ይሸጥ ነበር፤ ሳቁ መሐል ላይ ተነስቶ ሲዲ መቀየር የቤተሰብ ሥራ ነበር። «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሰለ፣ ሰው ደጋግሞ ያየው ኮሜዲ ለአብዛኛው ቤተሰብ የቀረው በዚህ መልክ ነው። ያም ቢሆን ዲስኩ ተጭሮ፣ ማጫወቻው ተበላሽቶ፣ አሁን ሰፈር ውስጥ ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ልጆች ጋ ያለው ከቪሲዲ የተገለበጠ፣ እንደገና የተጨመቀ ነው። የካሴቱ ዘመን ግልባጭ በሌላ ልብስ ተመልሷል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ባለቤቶች መብት ሰጥቷል። ጥሩ ነው። መብቱ ግን ዋናው ቴፕ ከሌለ ብዙም አይጠቅምም። ቴፕ ይሻግታል፣ መግነጢሱ ይዳከማል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ማንበቢያው ካሜራና ዴክ ከገበያ ጠፍቷል። ዛሬ አንድ ፕሮዲዩሰር ካዝና ውስጥ ደህና ቴፕ ቢኖረው እንኳ ነገ የሚያጫውትበት አያገኝም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ዘመን ፊልም የሠራችሁ፣ ያቀናበራችሁ፣ ያከፋፈላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ ቴፑን ፈልጉት፣ የሚሠራ ዴክ ያለውን ሰው ፈልጉ፣ ሳይጨመቅ ወደ ሃርድ ዲስክ አስገልብጡት፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ማጽዳቱ፣ ቀለም ማስተካከሉ፣ የግርጌ ጽሑፍ መጨመሩ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ይህ ካልሆነ ልጆቻችን የቬኒሱን ልጅ ዓይን ቀለም እያወቁ የእኛን ተዋንያን ፊት በጭጋግ ያዩታል፤ ይህን እኔ አልቀበለውም።

ወደ ዲስኩ ልመለስና ፍርዴን ልስጥ። የትሪኒቲ ብሉ ሬይ ሊያዝ የሚገባው ነው። ምስሉ ሙሉ ነው፣ ቅንጣቱ አልታሸም፣ ጣሊያንኛውም እንግሊዝኛውም አለ። የፍራንኮ ሚካሊዚ ሙዚቃ፣ ያ በፉጨት የታጀበው፣ ዳይሬክተሩ ታራንቲኖ ከአርባ ዓመት በኋላ «ጃንጎ አንቼይንድ» በተባለው ፊልሙ መጨረሻ ላይ የተጠቀመበት፣ በአንድ የድምፅ መስመር እንደተቀዳው ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁን በስድስት ማጉያ በትነው የሚያቀርቡ ቅጂዎች ካጋጠሟችሁ እለፏቸው፤ ቡጢው ከአንድ ቦታ ሲመጣ ነው የሚያስቀው። ስለ አሠራሩ የሚተርክ ተጨማሪ ነገር ጥቂት ነው፤ ይህ ቅር ያሰኛል፣ የሁለቱን ተዋንያን ወዳጅነት ያህል ሊወራለት የሚገባ ነገር እያለ።

ቅጂ ልታስጭኑ ወይም ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን መግቢያውን አልፎ ትሪኒቲ የሚበላበት የመንገደኞች ማረፊያ ጋ እንዲያደርስላችሁ ጠይቁት። ትሪኒቲ ከምጣዱ ቦሎቄውን በዳቦ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል ይበላል፤ ሁለት ኮስታራ ሰዎች ያዩታል። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ምጣዱና የሚያዩት ሰዎች አንድ ላይ ይታያሉ? ቦሎቄው ከመረቁ ተለይቶ ይታያል? ቀና ሲል ዓይኑ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ ክፈሉ፤ ካላገኛችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።